በእንተ ንስሐሁ ለምናሴ ንጉሠ ይሁዳ፤ እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መሻት ምን እንደ ሆነ የሚመረምር ሐተታ

የወደቀ ሰው ከወደቀበት ተነሥቶ ፈጣሪውን እንዲሻ ቅዱሳት መጻሕፍት በብዙ ስፍራ ያዝዛሉ። ትእዛዙን የማያውቅ የለም፤ ጭንቁ ግን ከትእዛዙ በኋላ ነው። የብዙ ዘመን ኀጢአት ያለበት፥ ልቡ በብዙ ነገር የተከፋፈለ፥ ስሙ በክፉ የተጠራ ሰው በምን ልብ ይሻል? ፍጹም ልብ ይፈለግበታል ቢባል፥ ፍጹም ልብ ቢኖረው መቼ ይወድቅ ነበር? ይህን ጥያቄ አጥርቶ ለመመለስ የይሁዳን ንጉሥ የምናሴን ታሪክ መመርመር ይገባል፤ አወዳደቁ ከነገሥታቱ ሁሉ የከፋ፥ አመላለሱም ብዙ ክርክር ያለበት ነውና።

ይህን ታሪክ ሰዎች በሁለት ወገን ያጣምሙታል። አንደኛው ወገን፥ ምናሴ የተመለሰው ሰንሰለት ስለ ያዘው ነው፤ የታሰረ ሰው ምን ምርጫ አለው፤ በግድ የመጣ ንስሐ ንስሐ አይባልም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ ያን ሁሉ ያደረገ ንጉሥ ምሕረት ካገኘ እንግዲያስ ጊዜ አለ፤ ሲመሽ እንገባለን ይላል። የፊተኛው አነጋገር ካህኑን ያጨክነዋል፥ የኋለኛው መኰንኑን ያዘናጋዋል። ሁለቱም ንባቡን በግማሽ ከማንበብ የመጡ ናቸው። ስለዚህ አስቀድሞ ንባቡን፥ ቀጥሎ ምስክሩን፥ ከዚያም ምሥጢሩን በየተራው ማየት ያስፈልጋል።

ምናሴ የደጉ ንጉሥ የሕዝቅያስ ልጅ ነው። በነገሠ ጊዜ 12 ዓመት ሆኖት ነበር፤ በኢየሩሳሌምም 55 ዓመት ነገሠ። ከይሁዳ ነገሥታት ይህን ያህል ዘመን የነገሠ ሌላ የለም። አባቱ ያፈረሳቸውን የኮረብታ መስገጃዎች መልሶ ሠራ፤ ለበዓል መሠዊያ አቆመ፤ ለሰማይ ሠራዊት ሰገደ፤ በእግዚአብሔር ቤት በሁለቱ አደባባዮች ለጣዖት መሠዊያ ሠራ፤ ልጆቹን በሄኖም ልጅ ሸለቆ በእሳት አሳለፈ፤ ጠንቋዮችንና መናፍስት ጠሪዎችን ሰበሰበ፤ የቀረጸውንም ምስል ወደ መቅደሱ አገባ። መጽሐፈ ነገሥት ደግሞ ኢየሩሳሌምን ከዳር እስከ ዳር በንጹሕ ደም እንደ መላት ይጨምራል። ነቢዩ ኢሳይያስ በእርሱ ዘመን በእንጨት መጋዝ ተሰንጥቆ እንደ ሞተም ዕርገተ ኢሳይያስ የተባለው መጽሐፍ ይናገራል። ይህ መጽሐፍ በሌላው ልሳን ከፊሉ ብቻ ሲቀር ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ነው፤ ሪቻርድ ሎሬንስ የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆች ቍጥር በ1819 ዓመት በኦክስፎርድ ከተማ አሳተመው።

እስከዚህ ድረስ መጻሕፍቱ ይስማማሉ። ከዚህ በኋላ ግን ይለያያሉ። መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 21 ክፋቱን ከተናገረ በኋላ ወደ ሞቱ ያልፋል፤ መታሰሩንም መመለሱንም አያነሣም። ዜና መዋዕል ካልዕ በምዕራፍ 33 ግን የአሦር ንጉሥ የሠራዊት አለቆች ምናሴን ይዘው በሰንሰለት አስረው ወደ ባቢሎን እንደ ወሰዱት፥ በተጨነቀም ጊዜ የአባቶቹን አምላክ እንደ ለመነ፥ ራሱንም እጅግ እንዳዋረደ፥ እግዚአብሔርም ሰምቶት ወደ ኢየሩሳሌም ወደ መንግሥቱ እንደ መለሰው ይተርካል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ መርማሪዎች፥ የኋለኛው ጸሓፊ የ55 ዓመት መንግሥት ለክፉ ንጉሥ እንዴት ተሰጠ የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ንስሐውን ጨመረ ብለዋል።

ይህ አነጋገር ግን የመጽሐፉን ስም አላስተዋለም። ሊቃውንት ዜና መዋዕልን ሕጹጻን ብለው የጠሩት ከነገሥት ተትቶ የቀረውን የሚመላ ስለ ሆነ ነው፤ የተተወውን የሚሰበስብ መጽሐፍ በፊተኛው ያልተነገረውን ቢናገር ሥራው ነው። ዓላማቸውም ልዩ ነው። መጽሐፈ ነገሥት መንግሥቲቱ ስለ ምን እንደ ጠፋች ይመረምራልና የምናሴን ነገር የሚጽፈው ለአገር ባመጣው ጥፋት ልክ ነው፤ ዜና መዋዕል ደግሞ ሰውየው ከአምላኩ ጋር ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ንስሐውም ተረት ቢሆን ኖሮ ጸሓፊው በጎውን ብቻ በጻፈ ነበር፤ እርሱ ግን ከንስሐው በኋላ የቀረውን ጉድለት ሳይሸፍን ጽፎታል፤ ይህም ወደ ፊት ይታያል።

ከመጽሐፍ ውጭ ያለው ምስክርም ሊሰማ ይገባዋል። ከምድር ተቈፍረው በወጡት የአሦር ጽሑፎች የምናሴ ስም ይገኛል። የአሦር ንጉሥ አስራዶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ673 ዓመት ገደማ በተጻፈው ጽሑፍ፥ ለነነዌ ቤተ መንግሥት እንጨትና ድንጋይ እንዲያስመጡ ካስገደዳቸው 22 ነገሥታት መካከል የይሁዳን ንጉሥ ምናሴን ይቈጥራል። ልጁ አሱርባኒፓልም ከገባሮቹ ነገሥታት ጋር ስሙን ጠርቶታል። ስለ መታሰሩ የሚናገር የአሦር ጽሑፍ አልተገኘም። የአሦር አለቆች ወደ ነነዌ በመውሰድ ፈንታ ስለ ምን ወደ ባቢሎን ወሰዱት ለሚል ግን መልስ አለ፤ ባቢሎን ያን ጊዜ በአሦር እጅ ነበረችና። የባቢሎን ንጉሥ የነበረው የአሱርባኒፓል ወንድም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ652 ዓመት ዐምፆ በ648 ዓመት ተሸንፏል፤ ምናሴ የተያዘው በዚህ ዐመፅ ተጠርጥሮ ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው።

አሁን ወደ ቃሉ ምሥጢር መግባት ይገባል። አማርኛው በፍጹም ልብ የሚለውን ግእዙ በኵሉ ልብ ይለዋል። ፍጹም የሚለውን ሰምቶ ነውር የሌለበት፥ ያልወደቀ፥ ያልረከሰ ልብ ማለት ነው ብሎ የሚተረጕም ብዙ ነው። ኵሉ ግን የመጠን ቃል ነው እንጂ የንጽሕና ቃል አይደለም፤ ያልተከፈለ፥ ከእርሱ የተሸሸገ ያልቀረለት ማለት ነው። ዳዊት ከበደሉ በኋላ በ50ኛው መዝሙር የለመነው ንጹሕ ልብ ነው፤ እርሱንም እንዲፈጥርለት ለመነ። መፍጠር የእግዚአብሔር ብቻ ነውና ንጹሕ ልብን ከሰው የሚጠይቅ፥ ሰው የማይችለውን ይጠይቃል። ሕጉ ከሰው የሚሻው ኵሉን ልብ ነው፤ ንጹሑን ልብ ሰው ከእግዚአብሔር ይለምናል። እንግዲህ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ሰው የረከሰውን ልቡን ሳይከፍል ሁሉን ያመጣል፥ እግዚአብሔር ያመጣውን ያነጻል። አስቀድሜ ልቤን ላንጻና ኋላ እመጣለሁ የሚል ሰው፥ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አስቀድሞ መዳንን የሚጠብቅ በሽተኛ ነው።

ሁለተኛው ምሥጢር በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 4 ይገኛል። ሙሴ ሕዝቡን፥ በበደላችሁ ጊዜ በአሕዛብ መካከል ትበተናላችሁ ብሎ ካስፈራ በኋላ፥ በፍጹም ልብ ቢሹት እንደሚያገኙት ተስፋ ሰጥቷቸዋል። መሻቱ የሚጀመርበትን ስፍራ ሲናገር ግን ከዚያ ይላል፤ ይኸውም ከተበተኑበት ከጣዖት ምድር ማለት ነው። አገራችሁ ከገባችሁ፥ መቅደሱን ካያችሁ በኋላ አላለም። ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ፥ በምዕራፍ 29 ያንኑ ተስፋ በምርኮ ላሉት አደሰላቸው። ምናሴ ይህን ተስፋ በራሱ አሳይቷል፤ መሠዊያ በሌለበት፥ ካህን በሌለበት፥ ከሰንሰለቱ ጋር ሆኖ ሽቷልና። እንግዲህ የፊተኛው ወገን፥ ታስሮ ስለ ነበረ ንስሐው አይቈጠርም ሲል፥ ሙሴ የመሻት መነሻ ያደረገውን ስፍራ የመሻት መሰናክል አድርጎታል። ጭንቅ ንስሐን አይወልድም፤ ብዙ ሰው ተጨንቆ አማረረ እንጂ አልተመለሰም። ጭንቅ በር ይከፍታል፥ የሚገባው ግን ልብ ነው።

የልብን መከፈልና አለመከፈል ለመለየት ከምናሴ አጠገብ ሁለት ነገሥታትን ማቆም ይጠቅማል። ሳኦል በአማሌቅ ነገር በበደለ ጊዜ በድያለሁ አለ፤ ዳዊትም በኦርዮ ነገር ናታን በገሠጸው ጊዜ በድያለሁ አለ። ቃሉ አንድ ነው። ሳኦል ግን አስቀድሞ ሕዝቡን ስለ ፈራሁ ነው ብሎ አመካኘ፤ ቀጥሎም በሽማግሎች ፊት አክብረኝ ብሎ ሳሙኤልን ለመነ። ግማሽ ልቡ ወደ ንስሐ፥ ግማሽ ልቡ ወደ ዙፋኑ ሄደ። ዳዊት ምክንያት አልጨመረም፥ ክብርም አልጠየቀም፤ የሚመጣበትንም ቅጣት አልተከራከረም። የሳኦል በደል በሰው ዓይን ከዳዊት በደል ያነሰ ይመስላል፤ የተለያዩት ግን በበደላቸው መጠን አይደለም፥ ባቀረቡት ልብ መጠን ነው።

በዚህ ሚዛን የምናሴን ጸሎት መመዘን ይቻላል። ይህ ጸሎት በግእዙ ከዜና መዋዕል ጋር ይነበባል፤ በዲድስቅልያም ተጽፏል። አጭር ነው። ንስሐ የተሠራችው ለኀጢአተኞች ስለ መሆኑ ይናገራል፤ ኀጢአቱን ከባሕር አሸዋ ይልቅ ያበዛዋል፤ የብረት ማሰሪያውን ያነሣል፤ ልቡንም ጉልበት እንዳለው አድርጎ ያንበረክከዋል። በውስጡ ያለውን ያህል የሌለውንም ማስተዋል ይገባል። ልጅ ሆኜ ነገሥሁ አላለም፤ በ12 ዓመት የነገሠ ሰው ይህን ቢል ግን ሰሚ ባላጣ ነበር። መካሪዎቼ አሳቱኝ አላለም። አሦርን አልከሰሰም። ከሁሉም በላይ ዙፋኑን አልለመነም፤ የለመነው ይቅርታን ነው። ዙፋኑ ተመለሰለት፥ ነገር ግን ሳይለምን ነው። ሳኦል ክብሩን ለምኖ መንግሥቱን አጣ፤ ምናሴ መንግሥቱን ትቶ ለምኖ መንግሥቱን አገኘ። ይህ ያልተከፈለ ልብ ምልክት ነው፤ በግድ የመጣ ንስሐ ነው የሚለውም ነገር በዚህ ይፈርሳል። የተገደደ ሰው አስቀድሞ የሚለምነው ሰንሰለቱ እንዲፈታ ነውና።

ይሁን እንጂ እውነተኛ ምርመራ የሚያመሰግነውን ብቻ አይናገርም። ጸሎቱ የጣዖቱን ርኵሰት ያነሣል፤ የፈሰሰውን የንጹሓን ደም ግን በስሙ አይጠራም። መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 24 የይሁዳን ጥፋት ሲተርክ ወደ ምናሴ ተመልሶ፥ ያ ደም ለአገሪቱ ሳይሰረይ እንደ ቀረ የሚናገረው ስለዚህ ስለ ደሙ ነው። ሁለቱ መጻሕፍት የሚጋጩ የሚመስሉት በዚህ ነው። ትርጓሜው ግን እንዲህ ነው፤ እግዚአብሔር ለሰውየው ነፍስ ምሕረት ሰጠ፥ የታረዱት ግን አልተነሡም፤ ልጅ ያጣች እናት በንጉሡ ንስሐ ልጇን አላገኘችም። አንድም፥ ኀጢአት በእግዚአብሔር ፊት በአንዲት ጸሎት ይሰረያል፥ በምድር ላይ የተከለው ሥር ግን በእጅ ሥራ ካልተነቀለ ያድጋል። ምሕረት የበደለኛውን ነፍስ ያወጣዋል፤ የተበደለውን መካስ ግን ለበደለኛው የቀረ ሥራ ነው።

ምናሴም ይህን ሥራ አልናቀም። በተመለሰ ጊዜ ባዕዳን አማልክትንና ምስሉን ከእግዚአብሔር ቤት አወጣ፤ በመቅደሱ ተራራና በኢየሩሳሌም የሠራቸውን መሠዊያዎች ከከተማ ወደ ውጭ ጣለ፤ የእግዚአብሔርን መሠዊያ አድሶ የደኅንነትና የምስጋና መሥዋዕት አቀረበ፤ ይሁዳንም እግዚአብሔርን እንዲያመልኩ አዘዘ። የበደለበትን ስፍራ አልሸሸም፤ ያረከሰውን ያንኑ ቤት በራሱ ትእዛዝ አነጻ። ነገር ግን ንባቡ ወደ ውጭ ጣለ ይላል እንጂ ሰበረ ወይም አደቀቀ አይልም። ጥቂት ወረድ ብሎ ልጁ አሞን አባቱ ለሠራቸው ምስሎች ሁሉ እንደ ሠዋ ይናገራል። በኋላም የልጅ ልጁ ኢዮስያስ ምስሎቹን ሰባብሮ እንደ ትቢያ አድቅቆ በመቃብር ላይ በተነ። የአያቱ ሥራ መጣል ነው፥ የልጅ ልጁ ሥራ ማድቀቅ ነው። ከከተማ ውጭ የተጣለ ነገር የሚያነሣው ሰው አያጣም። ሕዝቡም ለእግዚአብሔር ቢሠዉ እንኳ ከኮረብታ መስገጃ እንዳልወረዱ መጽሐፉ አልሸሸገም።

የሁለተኛው ወገን ስሕተት የሚታየው በዚህ ነው። ጊዜ አለ የሚል ሰው ዘመኑን ይቍጠር። ምናሴ በ67 ዓመቱ ሞተ፤ አሞን ያን ጊዜ የ22 ዓመት ጐልማሳ ነበር፤ ስለዚህ አሞን የተወለደው ምናሴ 33 ዓመት ያህል ከነገሠ በኋላ ነው። ንስሐው በስንተኛው ዓመት እንደ ሆነ መጽሐፉ አልጻፈም። ነገር ግን ሊቃውንት እንደሚሉት የምናሴ ሞት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ642 ዓመት ገደማ፥ መያዙም በ648 ዓመት ገደማ ከሆነ፥ አባት ሲመለስ ልጁ የ16 ዓመት ወጣት ነበረ ማለት ነው። ጣዖት ሲታጠን እያየ አድጓል፤ የአባቱን ወንበር ከመውረሱ በፊት የአባቱን ልማድ ወርሷል። ዜና መዋዕልም አሞን እንደ አባቱ ራሱን እንዳላዋረደ ለይቶ ይናገራል። አባት የዘገየበት ጊዜ ለአባት ይቅር ተባለለት፥ ለልጅ ግን ሞት ሆነበት፤ አሞን 2 ዓመት ነግሦ በገዛ ባሪያዎቹ እጅ ተገደለ። ባላገሩ ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው ለዚህ ነው። እግዚአብሔር በመሸ ጊዜ የመጣውን አይመልሰውም፤ የመሸበት ሰው ግን ቀኑን አያገኘውም። ብዙ ሰው የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚያዘገየው የራሱን ቀን ብቻ አይደለም፥ የልጆቹንና የገባሩንም ቀን ነው። በጐልማሳነት ግፍ ሲሠሩ ኖሮ ንስሐንና ቅዱስ ቍርባንን ለእርጅና የማቈየት ልማድ በዚህ ታሪክ ይከሰሳል እንጂ አይጸድቅም።

የፊተኛው ወገን ደግሞ የዲድስቅልያን ቃል ይስማ። ይህ መጽሐፍ የምናሴን ታሪክ ያነሣው ለኤጲስ ቆጶሳት ሲናገር ነው፤ የሚመለሰውን ኀጢአተኛ እንዴት እንዲቀበሉ ሲያስተምር ከምሳሌ ሁሉ የከፋውን መረጠላቸው። ጣዖት አምላኪና ደም አፍሳሽ የነበረ ንጉሥ ምሕረት ካገኘ፥ ካህኑ የማን ፊት ይመልሳል? ወደ ንስሐ አባት የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ በሕመም፥ በሹመት መሻር፥ በልጅ ሞት ተገፍቶ ይመጣል። ያመጣህ ጭንቅ ነው ብሎ መገሠጽ ጥበብ አይደለም፤ ያልተከፈለ ልብ አምጥቶ እንደ ሆነ መመርመር ነው እንጂ። ያመካኛል ወይስ ራሱን ይከስሳል? ክብሩን ይለምናል ወይስ ይቅርታን? የወሰደውን መሬት፥ የበደለውን ድኻ፥ የተጣላውን ወንድም በስሙ ይጠራል ወይስ በደፈናው ኀጢአተኛ ነኝ ብሎ ያልፋል? በደፈናው የተናዘዘ ሰው ጣዖቱን ከከተማ ውጭ እንደ ጣለ ነው፤ በስም ጠርቶ የካሰ ግን እንደ ኢዮስያስ አደቀቀው። ካህኑም ሳይዘገይ መቀበልን፥ ከተቀበለ በኋላም ካሳውን በርኅራኄ ማስፈጸምን አንድ ላይ ይያዝ፤ የፊተኛውን ብቻ ቢይዝ ኀጢአትን ያቀላል፥ የኋለኛውን ብቻ ቢይዝ ተስፋን ይቈርጣል።

ደግሞ ከንባቡ መጨረሻ አንድ ተስፋ ይገኛል። ኢዮስያስ በ8 ዓመቱ ነገሠ፤ አሞን 2 ዓመት ብቻ ነግሦ ነበርና አያቱ ምናሴ ሲሞት ሕፃኑ የ6 ዓመት ልጅ ነበረ። በነገሠ በ8ኛው ዓመት ገና ብላቴና ሳለ የአባቱን የዳዊትን አምላክ ይሻ ጀመር። ይህን መሻት ከማን እንደ ተማረ መጽሐፉ አይናገርም። ነገር ግን አሞን ምስሎቹን ቢያነሣም፥ ይህ ሕፃን የተወለደው ምናሴ ያደሰው መሠዊያ በቆመበት ዘመን ሊሆን እንደሚችል ቍጥሩ ያሳያል። የዘገየ ንስሐ ያለፈውን ሁሉ ባይመልስም፥ ለሚመጣው ያንጻል። ስለዚህ የዘገየ ሰው ዘግይቻለሁ ብሎ ተስፋ አይቍረጥ፤ ያልዘገየም ጊዜ አለኝ ብሎ አይዘግይ።

የሐተታው ፍጻሜ ይህ ነው። ፍጹም ልብ ማለት ያልወደቀ ልብ ማለት ቢሆን ምናሴ ባልተሰማ ነበር፤ በጭንቅ የመጣ ልብ የማይቈጠር ቢሆን ሙሴ ከዚያ ባላለ ነበር። ሰው ሁሉን ልቡን፥ ከነርኵሰቱ፥ ከነሰንሰለቱ፥ ምክንያት ሳይጨምር፥ ዋጋ ሳይለምን ካቀረበ፥ ንጹሕ ማድረግ የተቀባዩ ሥራ ነው። ንጹሕ ልብ የተሰጠው ሰው ደግሞ ያረከሰውን ቤት ለማንጻት፥ የበደለውንም ለመካስ ይነሣ፤ የተቀበለውን ምሕረት ሰው የሚያውቀው በዚህ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።